ቴኒስ ሳይጫወቱ የቴኒስ ሕመም

ከሮቤ ወደ ጎባ ስንጓዝ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ባላገር አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ቀኝ ክንዳቸውን ከክርናቸው በታች በጨርቅ ጠበቅ አድርገው አስረዋል። «አዴ፥ እጅዎን ምን ነካዎት?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ክርኔን ነው። ላም ማለብ ተስኖኛል፤ ጀበና እንኳ ማንሣት አቅቶኛል። ወጌሻ ዘንድ እየሄድሁ ነው» አሉን።

ይህ ሕመም በሐኪሞች ዘንድ የቴኒስ ክርን ተብሎ ይጠራል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. ሄንሪ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ፈረስ ጋላቢዎች ሕመም ሲጽፍ «የሜዳ ቴኒስ ክንድ» የሚል ስም አነሣ፤ ስሙም ተለምዶ ቀረ። ነገር ግን ከዚያ 9 ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1873፥ ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ይህንኑ ሕመም የገለጸው ብዙ በመጻፍ እጃቸው ስለ ታመመባቸው ሰዎች ሲናገር ነው። እንግዲህ ብዕር ጨብጠን ወይም የጽሕፈት ቁልፍ ስንመታ የምንውል ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ነገሩ የሌላ ሰው ነው ብለን ልናልፈው አይገባም።

ሕመሙ የሚነሣው እጅ ደጋግሞ ሲጨብጥና ሲጠመዘዝ ነው። በባሌ ደጋ ስንዴና ገብስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ ኮምባይነር በማይደርስበት ተዳፋት ደግሞ ማጭድ የያዘ እጅ ያጭዳል። ማለቡ፥ እንጨት መፍለጡ፥ ልብስ መጭመቁ ሲጨመርበት፥ በክርን ውጫዊ አጥንት ላይ የተተከለው ጅማት ለመዳን ዕረፍት አያገኝም።

ይሁን እንጂ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ጅማቱ ብቻ አይደለም። ወደ እጅ ጀርባ የሚወርደው ነርቭ ክርን አጠገብ ለሁለት ይከፈላል፤ ጠልቆ የሚሄደው ቅርንጫፍ መዳፍን ወደ ላይ በሚያዞር ጡንቻ ሥር ይሾልካል። የጡንቻው አፍ እንደ ጠባብ በር ነው፤ በ1908 በገለጸው በጀርመናዊው ፍሮዘ ስምም ይጠራል። በ1972 ሮልስና ሞድስሊ የተባሉ ሐኪሞች አልድን ያለ የቴኒስ ክርን አንዳንድ ጊዜ የዚህ ነርቭ መጨነቅ ነው ሲሉ ጻፉ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጋጥም ግን ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ሁለቱን መለየት ይጠቅማል። የጅማቱ ሕመም ሲነካ የሚያመው አጥንቱ ላይ ነው። የነርቩ ግን ከአጥንቱ ሦስት ወይም አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፥ በሥጋው ውስጥ ጠለቅ ያለ ነው፤ መዳፍን በኃይል ወደ ላይ ሲያዞሩት ይብሳል። ሁለቱም ባንድ ክንድ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ጣቶችን ወደ ላይ መዘርጋት ካቃተ ግን ነርቩ እየደከመ ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? አብዛኛው ሰው ሥራውን ቀነስ፥ አያያዙን ለወጥ አድርጎ ክንዱን ቀስ በቀስ ካለማመደ ባንድ ዓመት ውስጥ ይሻለዋል። መርፌ ቶሎ ቢያስታግስም መጨረሻው አያስተማምንም፤ በ2013 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፥ 165 ሕሙማን ተከፍለው ሲታዩ ከዓመት በኋላ የተሻላቸው የኮርቲዞን መርፌ ከተወጉት ከመቶ 83፥ ካልተወጉት ከመቶ 96 ነበሩ። ከክርን በታች አጥብቆ ማሰርና በኃይል ማሸትም የተጨነቀውን ነርቭ ይብስ ያስጨንቀዋል።

ይህን ባጭሩ ለእኒያ እናት ነገርናቸውና ጣቶችዎን ይዘርጉ አልናቸው። አራቱ ተነሡ፤ የመሐል ጣታቸው ግን እየተንቀጠቀጠ ወደቀ። «ይህስ ከመቼ ወዲህ ነው?» ብንላቸው፥ «ከታሰረ ወዲህ» አሉን። ጨርቁን ፈታንላቸው። ጎባ ስንደርስም፥ ወጌሻው ይቆይና አስቀድመው በሆስፒታሉ ይታዩ ብለን ለመንናቸው፤ እስከ በሩም ሸኘናቸው። ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሕመሙን ሳያውቅ ያሰረም እንዲሁ ነው።