ከነጥቡ ጎን ያለው ዓምድ

የወረዳ ምክር ቤት አስፈጻሚውን የመቆጣጠር ሥልጣን አለው። የሚቆጣጠርበት መረጃ ግን በአብዛኛው የሚመጣለት ከዚያው ከአስፈጻሚው ነው። ጤና ጣቢያው ስለ ራሱ ይጽፋል፣ ትምህርት ቤቱ ስለ ራሱ ይጽፋል፣ ተመራጩ እጁን አውጥቶ ያጸድቃል። ምክር ቤቱን ከዚህ ለማውጣት ከማውቃቸው የጥናት መንገዶች ሁሉ የማስበልጠው የማህበረሰብ የውጤት ካርድ የሚባለውን ነው። የሚጠይቀው አዳራሽ፣ ትልልቅ ወረቀት፣ ማርከርና መስማት የሚችል አወያይ ነው። የስታትስቲክስ ቀመር ስለሌለበት ይመስለኛል፣ ብዙ ሰው ከጥናት አይቆጥረውም፤ ይህ ትልቅ በደል ነው።

ዘዴውን በ2002 እ.ኤ.አ. ማላዊ ውስጥ በጤና አገልግሎት ላይ የቀረጸው ኬር የተባለው ድርጅት ነው። ከእሱ የቀደመው የዜጎች ሪፖርት ካርድ ደግሞ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በህንዷ ባንጋሎር በሳሙኤል ፖል የተጀመረ ነው፤ ሪፖርት ካርዱ ቤት ለቤት መጠይቅ የሚሞላበት ሰፊ ዳሰሳ ነው። ሁለቱም ወደ እኛ በስፋት የገቡት ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ነው። በምርጫው ውዝግብ ሳቢያ ለጋሾች በቀጥታ ለመንግሥት በጀት ይሰጡት የነበረውን ድጋፍ አቋረጡና በምትኩ በ1998 ዓ.ም. የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ተጀመረ፤ በዚያ ውስጥ የማህበራዊ ተጠያቂነት ሥራ አብሮ ገባ። ትምህርት፣ ጤና፣ ውኃና ንጽህና፣ ግብርናና የገጠር መንገድ የሚመዘኑት አገልግሎቶች ነበሩ። የዚህ ሥራ ሁለተኛ ምዕራፍ በመላ አገሪቱ ከ200 በላይ ወረዳዎችን አዳርሷል። ለአዲስ አበባው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሰው እርሻውና የገጠር መንገዱ አይመለከቱትም፣ የቀሩት ግን በየቀኑ የሚነኩት ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ነዋሪው ምን እንደሚገባው ይነገረዋል። ሴቶች፣ ወጣቶች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ለየብቻ ተቀምጠው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። ባለሙያዎቹም በበኩላቸው ራሳቸውን ይመዝናሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ይገናኙና የጋራ ዕቅድ ያወጣሉ፤ ዕቅዱ ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ከወራት በኋላ ምዘናው ይደገማል።

የመጀመሪያው እርምጃ እንዳይዘለል አደራ እላለሁ። በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ እስከ 40,000 ሰው እንዲያገለግል፣ በመጀመሪያ ደረጃ አንድ ክፍል ውስጥ 50 ተማሪ እንዲቀመጥ መለኪያ ወጥቷል። በየጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተርም የትኛው ጉዳይ በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ይናገራል። ይህን የማያውቅ ነዋሪ የሚመዝነው አገልግሎቱን ሳይሆን የዕለቱን ስሜቱን ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ሰው ሁሉ የውጤት ካርዱ ፍሬ ነጥቡ ይመስለዋል። ኃላፊው ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ ያነሳና «በአማካይ 3.4 አግኝተናል» ብሎ ለክፍለ ከተማው ይልካል። ይህ ካርዱን መግደል ነው። ሴቶቹ 2፣ ወጣቶቹ 5 ሰጥተው ከሆነ አማካዩ የማንንም እውነት አይናገርም። ፍሬው ያለው ከነጥቡ በስተቀኝ፣ «ምክንያት» በሚለው ዓምድ ውስጥ ነው።

በዚያው በቂርቆስ፣ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ወረዳ አዳራሽ እንዲህ ያለ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። እናቶቹ ለጤና ጣቢያው የመድኃኒት አቅርቦት 2 ሰጡ። ወጣቱ አወያይ ምክንያቱን «የግብዓት እጥረት» ብሎ ጻፈ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት አስነበቡትና፣ «ልጄ፣ እኔ እንደዚያ አልኩህ እንዴ? እኔ ያልኩት መድኃኒቱ መምጣቱን እንሰማለን፣ ቀጠሯችን ሲደርስ ግን አልቋል ነው» አሉት። ልጁ ሰርዞ እሳቸው እንዳሉት ጻፈ። ባለሙያዎቹ ለዚያው መስፈርት ለራሳቸው 4 ሰጥተው ነበር፤ ትዕዛዛቸውን በየሁለት ወሩ በጊዜው ይልካሉ፣ መድኃኒቱም ይገባል። ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም ልክ መሆናቸው ታየ። የደም ግፊት ታካሚዎች ቀጠሮ የሚሰጣቸው ከመድኃኒቱ መግቢያ ጋር ሳይገናዘብ ነበር። የፋርማሲ ባለሙያዋ፣ «እማማ፣ ይሄንን እኮ እኛም አላሰብነውም» አለቻቸው። የጋራ ዕቅዱ ላይ የቀጠሮው ቀን እንዲቀየር ተጻፈ፤ አንድ ብር በጀት አልጠየቀም። «የግብዓት እጥረት» የሚለው ቃል ቢቀር ኖሮ ጉዳዩ ወደ ላይ ተልኮ የበጀት ጥያቄ ሆኖ ይቀር ነበር።

ስለዚህ አወያዮችን እወቅሳለሁ። የነዋሪውን አነጋገር ወደ ቢሮ ቋንቋ አትቀይሩት። «የአሠራር ክፍተት»፣ «የአመለካከት ችግር»፣ «የተደራሽነት ውስንነት» ብላችሁ ስትጽፉ የቀኑን፣ የመስኮቱንና የወረፋውን ነገር ትደመስሳላችሁ። የምክር ቤት አባሉ «የአመለካከት ችግር»ን ይዞ ማንን ይጠይቃል? «ሦስተኛው መስኮት ከምሳ በኋላ አይከፈትም» የሚለውን ይዞ ግን በማግስቱ ሄዶ ማየት ይችላል።

ዓምዱ ይሉኝታንም ያጋልጣል። እዚያው አዳራሽ አንድ አባት ለመስተንግዶ 5 ሰጡ፤ ካርድ ክፍል የምትሠራዋ ልጅ የእድራቸው አባል ልጅ ናት። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ግን፣ «ጥሩ ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተሰለፈ ሰው ከረፋዱ በፊት ይጨርሳል» አሉ። በእኛ አገር ነጥብ ብቻ የሚሰበስብ ጥናት እንዲህ ባሉ ደግ አምስቶች ይሞላል። ቡድኖቹ ለየብቻ የሚቀመጡትም ለዚህ ነው፤ አማት ባሉበት ምራት ስለ ማዋለጃ ክፍሉ የሚሰማትን አታወራም። ነጥቡና ምክንያቱ ሲጣሉ ምክንያቱን እመኑ።

ሌላው ጥፋት ካርዱን ለሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ማድረግ ነው። የፋርማሲ ባለሙያዋ ነጥቧ ከደረጃ ዕድገቷ ላይ እንደሚቀነስ ብታውቅ ኖሮ «አላሰብነውም» አትልም ነበር። ነዋሪዎችም ብትሆኑ በቤታችሁ ውኃ መጥፋት ተናዳችሁ ለጤና ጣቢያው በሁሉም መስፈርት 1 መስጠት ማንንም አይረዳም፤ የውኃው መጥፋት የጤና ጣቢያው ጥፋት አይደለም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ከሰፈሩ ብዙው ፈረሰ፤ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደ። ስለ ቤቱና ስለ እድሩ ብዙ ተወርቷል፤ ስለ ምዘናው የተናገረ ግን አልሰማሁም። የውጤት ካርድ የሚሠራው ያው ሰው ያንኑ አገልግሎት ሁለት ጊዜ ሲመዝን ነው። ቂርቆስ ውስጥ በቀረው ሰው ብቻ ተደግሞ ነጥቡ ከፍ ቢል፣ ከፍ ያለው አገልግሎቱ ይሁን ወይስ ቅር ያለው ሰው በመሄዱ መለየት አይቻልም። እንዲህ ያለውን ንጽጽር የሚያጸድቅ ምክር ቤት ራሱን ያታልላል።

ቢሆንም የተጻፈው ምክንያት ከሰው ጋር ይሄዳል። ቀጠሮና መድኃኒት አለመገጣጠሙን ለይተው ያወቁት እናቶች ዛሬ በሌላ ጤና ጣቢያ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርዳቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ነባሩ ወረዳ የድሮዎቹን ወረቀቶች ገልብጦ ለአዲሶቹ ወረዳዎች ምክር ቤቶች ቢልክ፣ እነሱም ነጥቡን ትተው የምክንያት ዓምዱን ብቻ ቢያነቡ፣ የመጀመሪያውን ስብሰባ ከባዶ ወረቀት አይጀምሩም። «ቀጠሯችን ሲደርስ አልቋል» የሚለው እዚህም ይደርስባችኋል ወይ ብለው መጠየቅ ይችላሉ።