ከአሜሪካ ማሳ የወጣችው የየመን ሳንቲም



የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ አንዲት ትንሽ የብር ሳንቲም ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ሚድልታውን በተባለች ከተማ፣ በአንድ የፍራፍሬ እርሻ ውስጥ ሜታል ዲቴክተር ይዞ አፈሩን ሲፈትሽ የነበረ ሰው አገኛት። ቀደም ሲል ከዚያው ማሳ የቅኝ ግዛት ዘመን ሳንቲሞች፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የጫማ ዘለበትና የጠመንጃ ጥይቶች አውጥቷል። ይህችኛዋ ግን ጠጋ ብሎ ሲያያት ጽሑፏ ዐረብኛ ሆነበት። ሲጣራም እ.ኤ.አ. በ1693 በየመን የተሠራች ኸምሲያ ሆና ተገኘች።

ሜታል ዲቴክተርን ብዙዎቻችን የምናውቀው በአየር ማረፊያ ፍተሻ ነው። የማሳው መሣሪያም አሠራሩ ከዚያ ብዙ አይለይም። በእጀታው ጫፍ ያለው ክብ ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ወደ አፈሩ የመግነጢስ ኃይል ይልካል። ይህ ኃይል ከማዕድን የተሠራ ዕቃ ላይ ሲያርፍ በዕቃው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ መሣሪያውም ያንን ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ብር ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ ድምፁ ቀጭን ነው፤ የዛገ ሚስማር ግን ወፈር ያለ ድምፅ ያሰማል። ሳንቲም የሚያህል ዕቃ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው እስከ አንድ ስንዝር ወይም ጥቂት በለጥ ብሎ ነው። ፈላጊዎች የእርሻ መሬትን የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ማረሻ በየዓመቱ አፈሩን ስለሚገለብጥ ከሥር የነበረው ወደ ላይ ይመጣል። የዛሬው ማሳ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የሰው ግቢ የነበረ ሊሆንም ይችላል።

የየመን ገንዘብ እዚያ ምን ወሰደው? የዚያ ዘመን የአሜሪካ ሰፋሪዎች ከዐረብ አገሮች ጋር ቀጥተኛ ንግድ አልነበራቸውም። ሳንቲሟን ያገኘው ሰው ይህንኑ ሲመረምር የደረሰው በአንድ የሑጃጅ መርከብ ታሪክ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1695 ሄንሪ ኤቨሪ የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ወንበዴ ፋንሲ በተባለች መርከቡ ከባብ ኤል መንደብ ደጃፍ፣ ማለትም ከእኛው ባሕር መውጫ ላይ አድብቶ ነበር። የሚጠብቀው ወደ ህንድ የሚመለሱትን መርከቦች ነው። እነርሱ በሌሊት ቢያልፉትም ተከታትሎ ደረሰባቸው። ከመካከላቸው ትልቋ ጋንጅ ኢ ሰዋኢ የሙጋሉ ንጉሥ አውረንግዜብ ንብረት ስትሆን፣ ሐጃቸውን ፈጽመው ወደ ሱራት የሚመለሱ ሰዎችንና ብዙ ወርቅና ብር ጭና ነበር። መስከረም ወር ላይ ተማረከች። ወንበዴዎቹ ገንዘቡን በመዝረፍ ብቻ አላበቁም፤ ሰዎችን አሠቃዩ፣ ሴቶችን ደፈሩ። ውርደቱን ሸሽተው ራሳቸውን ባሕር ውስጥ የወረወሩ ሴቶች እንደነበሩ የዘመኑ የሙጋል ታሪክ ጸሐፊ ኻፊ ኻን ዘግቧል።

አውረንግዜብ ተቆጥቶ በሱራት ያሉ እንግሊዞችን አሳሰረ፤ የእንግሊዝ መንግሥትም በኤቨሪ ላይ የገንዘብ ሽልማት አወጀ። እ.ኤ.አ. በ1696 ከግብረ አበሮቹ አምስቱ ለንደን ላይ ተሰቀሉ፤ እርሱ ግን አልተያዘም። እስከ 2021 ባለው ጊዜ ተመሳሳይ የዐረብ ሳንቲሞች በማሳቹሴትስ 10፣ በኮነቲከት 2፣ በሰሜን ካሮላይና 1፣ በሮድ አይላንድም ሌሎች 3 ተገኝተዋል። የኤቨሪ ሰዎች በቅኝ ግዛቶቹ ተበትነው በምርኮው እንደኖሩ ይገመታል። ግምት ነው ማለታችን አለምክንያት አይደለም። ኒውፖርት ከሚድልታውን አጠገብ ናት፤ የዚያው ሰው ቶማስ ቲውም በቀይ ባሕር ይዘርፍ ነበር። ሳንቲሟ የየትኛው ዘራፊ ድርሻ እንደነበረች አፈሩ አይናገርም።

እዚህ ላይ የፊቅህ ሊቃውንት ያስቀመጡት ልዩነት ይታወሰናል። ከመሬት የሚወጣ ጥንታዊ ሀብት ሪካዝ ሲሆን አንድ አምስተኛው እንዲወጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ይህን የሚሉት የጃሂሊያ ምልክት ላለበት ነው። የእስልምና ጽሑፍ ወይም የሙስሊም ገዥ ስም ያለበት ገንዘብ ከተገኘ ግን ሉቀጣ፣ ማለትም ከባለቤቱ የጠፋ ንብረት ነው ይላሉ። ሉቀጣ ደግሞ አንድ ዓመት ይነገርበታል እንጂ ወዲያውኑ የአግኚው አይሆንም። በዚያች ሳንቲም ላይ ፈትዋ መስጠታችን አይደለም። ነገር ግን «ያገኘሁት የኔ ነው» የሚለው ቃል በፊቅህ ዘንድ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ያሳየናል፤ ለእኛ ከሳንቲሟ ጀርባ የሚታዩንም በሱራት ወደብ ቆመው መርከብ ሲጠብቁ የነበሩት ቤተሰቦች ናቸው።

በአሜሪካ የምትኖሩና ይህን መሣሪያ የገዛችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ የጠየቋችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሕጉን እወቁ። በግል እርሻ ላይ ከባለመሬቱ ፈቃድ ሳይገኝ መግባት አይቻልም፤ ስለሚገኘው ዕቃ ክፍፍልም አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ይበጃል። በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን ቅርስ ያለፈቃድ መቆፈር እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣ ሕግ ያስቀጣል። ፈቃድ ኖሯችሁ ዕቃ ካገኛችሁም ቦታውንና ጥልቀቱን ጻፉ፤ ፎቶ አንሱ፤ በጨርቅ አትፈትጉት። እንግዳ ነገር ከመሰላችሁ ጉድጓዱን ሳታሰፉ ለግዛቱ አርኪዎሎጂስት ደውሉ። ባለሙያው ከዕቃው ይልቅ አብረውት ያሉትን የሸክላ ስባሪና የአፈሩን ቀለም ይፈልጋል፤ አንዴ ከተበተኑ አይመለሱም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።