ስድስት ሰዓት የምትቆይ ብልቃጥ

ከአንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ዘጠኝ ወር የሞላው ልጇን አዝላ፣ የክትባት ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የምትመለስ ሴት አገኘሁ። ኩፍኝ ልታስከትብ ነበር የመጣችው። «ሰው አልሞላም፣ ሐሙስ ነይ አሉኝ። ሐሙስ ገበያዬ ነው፤ ሽንኩርቴን ማን ይሸጥልኛል?» አለችኝ።

ነገሩ ከንክኖኝ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠየቅኩ። ክትባቱ ዱቄት ነው፤ አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ይበቃል፤ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። «አንድ ልጅ ከትቤ ዘጠኙን ስደፋ፣ ሪፖርቱ ላይ የሚታየው ዘጠኙ ነው። የከተብኩትን ማን ያይልኛል?» አለች። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ነው የሚለው። ስለዚሁ የጠየቅኳቸው አንድ ኃላፊ «ስብሰባ ላይ ነኝ» አሉኝ፤ ስብሰባው እስካሁን አላለቀም መሰለኝ።

የኩፍኝን ጠባይ አጥርተው ከጻፉት አንዱ ዴንማርካዊው ሐኪም ፒተር ፓኑም ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 አንድ አናጢ ከኮፐንሃገን በሽታውን ይዞ ፋሮ ደሴቶች ገባ። ከ7,800 ገደማ ነዋሪ 6,000 ያህሉ ታመመ። ፓኑም ደሴት ለደሴት እየዞረ ሽማግሌዎቹን ጠየቀ፤ ከ65 ዓመት በፊት በ1781 የያዛቸው አንዳቸውም ዳግም አልተያዙም። ዛሬ ወረርሽኝ እንዳይነሣ ከ100 ልጆች 95ቱ ሁለቴ መከተብ አለባቸው የሚባለው በሽታው እንዲህ ስለሚዛመት ነው፤ ታማሚው ከክፍል ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል።

ከእኛው አገር ደግሞ ጎዴ አለች። በ1992 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በተደረገ ጥናት፣ ከሞቱ 159 ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት 35ቱን የቀጠፈው ኩፍኝ፣ ለብቻው ወይም ከረሃብ ጋር ተደርቦ ነው። ከ5 እስከ 14 ዓመት ከነበሩት 72 ሟቾችም 12ቱን ወስዷል። «ረሃብ ገደላቸው» ብለን የምናልፈው ሁሉ ረሃብ ብቻ አልነበረም።

ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር የምታየውንም ነገረችኝ። «ጨለማ ቤት አስተኝተው፣ በር ዘግተው አገኛቸዋለሁ። ‹ኩፍኝ መርፌ አይወድም፣ ቡና አፍልተን እንሸኘዋለን› ይሉኛል። ሽፍታውንስ ሸኛችሁት፤ የሳንባ ምቹን ማን ይሸኘዋል?» እውነቷን ነው፤ ብዙውን የሚገድለው ሽፍታው ሳይሆን ተከትሎ የሚመጣው የሳንባ ምችና ተቅማጥ ነው። ኩፍኝ ዓይንም ያጠፋል፣ ጆሮም ይጎዳል።

አጀማመሩ ጉንፋን ይመስላል፦ ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥ፣ የሚቀላና የሚያነባ ዓይን። ሽፍታው ከ3 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ከፊትና ከጆሮ ጀርባ ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። ልጁ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ከወጣ በኋላም እስከ 4 ቀን ያስተላልፋል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ወረፋ ከመያዛችሁ በፊት «ኩፍኝ ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ተናገሩ፤ ለብቻው ያስቀምጡታል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ በተከታታይ ሁለት ቀን የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ግን የሞትንና የዓይነ ስውርነትን አደጋ ይቀንሳል። ጡትና ውሃ አይቋረጥበት። መጥባት ካቃተው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ካንቀጠቀጠው ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በ15 ወር የሚሰጥ ሁለተኛ ዙር የኩፍኝ ክትባት አለ። ልጁ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ካርዱ ሣጥን ውስጥ ይረሳል፤ አውጡና እዩት። «ሰው አልሞላም» ካሏችሁም ብልቃጡ ለአንድ ልጅም እንደሚከፈት ነግራችሁ ጠይቁ።