ከሃውድ ሜዳ የጠፋው ቆርኬ

ተጨማሪ መረጃ

በሶማሌ ክልል የሀርሺን ከተማ የምትገኝበት የሃውድ ሜዳ ዛሬ የግመል፣ የበግና የፍየል መሰማሪያ ነው። ከ130 ዓመት በላይ አስቀድሞ ግን በሃውድና በአጎራባች ሜዳዎች የስዌይን ቆርኬ በትላልቅ መንጋ ይግጥ ነበር። ፊቱ ረጅም፣ ትከሻው ከፍ ያለ፣ ቀንዱ ወደ ጎን ወጥቶ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ነው። ስሙን ያገኘው በዚያ ዘመን በሶማሌ ምድር ከተዘዋወረው እንግሊዛዊ መኮንን ከስዌይን ነው።

ክፉ ቀን በተባለው የረሃብ ዘመን የገባው የደስታ በሽታ ከብቱን ብቻ ሳይሆን ቆርኬውንም ፈጀው። በሃውድ የተረፈውን አደን ጨረሰው።

ዛሬ የስዌይን ቆርኬ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም፤ ዋና መኖሪያዎቹ በሻሸመኔ አቅራቢያ ያለው የሰንቀሌ መጠለያና የማዜ ብሔራዊ ፓርክ ናቸው። ሰንቀሌ ውስጥ በ1991 (እ.ኤ.አ.) የመንግሥት ለውጥ ሰሞን ክፉኛ ታድኖ ቁጥሩ አሽቆለቆለ። ጥበቃው ሲጠናከር ግን እንደገና እየረባ መጣ።

የአውሮፓው ጎሽ፣ ባይሰን፣ ታሪክም ተቀራራቢ ነው። በ1927 የመጨረሻው የዱር ባይሰን በካውካሰስ ተገደለ። በማቆያ ከተረፉት የ12ቱ ዘር ተራብቶ ከ1952 ጀምሮ በፖላንድ ቢያሎቪዬዣ ደን ተለቀቀ፤ ዛሬ ዱር ውስጥ በሺዎች ይቆጠራል። በ1974 ከሰንቀሌ ወደ አዋሽና ነጭ ሳር ፓርኮች የተወሰዱት ቆርኬዎች ግን እንደታሰበው አልበዙም።