ማይክሮዌቩ ይሠራል፣ ወጡ ግን አልሞቀም

መብራቱ በርቷል፣ ሳህኑ ይዞራል፣ ድምፁም አለ፤ ወጡ ግን እንደገባ ቀዝቃዛ ሆኖ ይወጣል። ወደ ጠጋኝ ከመውሰድዎ በፊት አንድም ብሎን ሳይፈቱ ብዙ ነገር ማወቅ ይችላሉ።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቤቱ መብራት ነው። መስመራችን 220 ቮልት ይባል እንጂ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ይወርዳል። ማይክሮዌቭ ኃይል ሲያንሰው ሙቀቱ በጣም ይቀንሳል። ማታ ደክሞ ጠዋት የሚበረታ ከሆነ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በዲቫይደር የተሰካ ከሆነም ነቅለው ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሞክሩት።

ከዚያ የውሃ ፈተና አለ፤ እኔ ከሁሉ የማምነው እሱን ነው። ለማይክሮዌቭ በሚሆን ዕቃ 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያድርጉ፤ በቴርሞሜትር ይለኩት። በሙሉ ኃይል 2 ደቂቃ ካሞቁ በኋላ አማስለው እንደገና ይለኩ። የጨመረውን ዲግሪ በ35 ሲያባዙ የሚያገኙት ዋቱን ነው፤ 20 ዲግሪ ከጨመረ 700 ዋት ገደማ ማለት ነው። ይህን ከጀርባው ከተጻፈው የማሞቂያ ዋት ጋር ያስተያዩት (ከመስመር የሚስበው ዋት ይበልጣልና እንዳይምታታብዎ)። ጥቂት ቢያንስ አያስደነግጥም። መብራቱ ደህና ሆኖ ግማሽ ከሆነ ግን ሞገዱን የሚያመነጨው ማግኔትሮን ሳይደክም አይቀርም።

ውስጡ ብልጭ ብልጭ ካለ ወዲያው ያጥፉት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ካለችው፣ ካርቶን ከምትመስለው የሚካ ልጥፍ ነው። የወጥ ቅባት እየተረጨባት ትቃጠላለች። በመቀስ ተቆርጣ የምትተካ ርካሽ ነገር ናት፤ ችላ ካሏት ግን ማግኔትሮኑን ይዛ ትሄዳለች።

ጭራሽ ካልበራ ፊውዙ ወይም የበሩ ማብሪያ ሊሆን ይችላል። ፊውዝ ያለ ምክንያት ብዙም አይቃጠልምና «ምን አቃጠለው?» ብለው ይጠይቁ። በሩ የማይገጥም ከሆነ በምንም ምክንያት አይጠቀሙበት።

የውጭውን ቆርቆሮ ግን እባክዎ አይክፈቱ። በውስጡ ያለው ካፓሲተር ሶኬቱ ተነቅሎም ሺዎች ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሰው ይገድላል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን መቻል ለዚህ በቂ አይደለም።

እንግዲህ ይጠገን ወይስ ይቅር? ሚካ፣ ፊውዝ፣ የበር ማብሪያ፣ የሳህን ማዞሪያ ሞተር ከሆነ ያስጠግኑት። ማግኔትሮን ወይም ትራንስፎርመር ከሆነ ዋጋውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ፣ ውስጡም ዝጎ ከተላጠ፣ ይተዉት። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ትራንስፎርመር ያለው ማይክሮዌቭ ላይ ደግሞ ገንዘብ ባያፈሱ እመክራለሁ። የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። ቮልት መቀነሻ ቢገዙለት እንኳ የእኛ መስመር 50 ኸርዝ መሆኑ አይቀየርም፤ ትራንስፎርመሩ ከልክ በላይ እየጋለ ያጉረመርማል።

ካስጠገኑት አሮጌውን ዕቃ ይቀበሉ። ሂሳቡን ሳይከፍሉም 1 ሊትር ውሃዎን ይዘው ጠጋኙ ፊት ፈተናውን ይድገሙት።