ሽኮኮና ቁንጭር

ሽኮኮ ሲያዩት ጥንቸል ወይም ትልቅ አይጥ ይመስላል፤ የቅርብ ዘመዱ ግን ዝሆን ነው። በገደል ስንጥቅና በዋሻ በመንጋ ይኖራል፤ ረፋዱ ላይ ዓለት ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ኮሽታ ከሰማ እልም ይላል። ፊትን አቁስሎ ጠባሳ የሚጥለው የኢትዮጵያ ደጋ በሽታ ቁንጭር ምንጩ ይኸው ድንጉጥ እንስሳ መሆኑ የታወቀው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በወሎ ኩታበርን፣ በጋሞ ኦቾሎን በመሳሰሉ ገደላማ ቦታዎች የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሌሽማንያ ኤትዮፒካ የተባለው ጥገኛ ተሕዋሲ በሰው ቁስል ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሽኮኮ ቆዳና በአሸዋ ዝንብ ሆድ ውስጥም ይገኛል። ተሕዋሲውን ከሽኮኮ ወደ ሰው በንክሻዋ የምታደርሰው ዝንቧ ከትንኝ ታንሳለች፤ ድምፅም የላትም። እንቁላሏን የምትጥለው እርጥበት ባለውና ብስባሽ በበዛበት አፈር ላይ ነው፤ ሽኮኮዎች ደግሞ ዓመት ከዓመት አንድ ቦታ እየተጸዳዱ ይህንኑ ያዘጋጁላታል። ሽኮኮው ራሱ ተሕዋሲውን ተሸክሞ ብዙም ሲታመም አይታይም። ሰው በዚህ ዑደት ውስጥ መንገድ የሳተ እንግዳ ነው።

ታዲያ ሽኮኮን ማጥፋት አይበጅም ወይ የሚል ይኖራል። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም፤ በሶቪየት ዘመን በመካከለኛው እስያ የዚሁ በሽታ ዘመድ የሆነውን ለመግታት በሜዳ ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩ አይጥ መሰል እንስሳትን መርዘዋል፣ ጉድጓዳቸውንም በትራክተር አርሰዋል፤ ተሳክቶላቸውም ነበር። ሜዳ ይታረሳል፤ ገደል ግን አይታረስም። ደግሞም እንስሳው ሰፈራችን እንዲገባ የምንጋብዘው እኛው ነን። በእስራኤል ጥብርያዶስን በመሳሰሉ ከተሞች አዳዲስ ሰፈሮች ሲገነቡ ከመሠረት የወጣው ድንጋይ ዳር ዳሩን ተከመረ፤ ሽኮኮዎች በክምሩ ውስጥ ሰፈሩ፤ ቁስሉም የተሕዋሲው ዝርያ ቢለይም ነዋሪውን ተከተለው። ያ ክምር ቀድሞ ቢነሳ ኖሮ ሽኮኮው ከቤቱ አጥር ሥር ባልተገኘ ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስባል፦ ሕመምተኛውን ማከም እያለ ስለ ድንጋይና ስለ ሽኮኮ ምን ያስጨንቀናል? ሕክምናው የግድ ነው፤ በተለይ አፍንጫና ከንፈር የሚበላው፣ መላ ሰውነት ላይ የሚሰራጨውም ዓይነት ሰውን ለዕድሜ ልክ ያሠቃያል። ነገር ግን በመተማና በሑመራ ቆላ የሚታየው የቁንጭር ዘመድ ካላዛር ምንጩ በአብዛኛው ሰው ራሱ እንደሆነ ስለሚታመን፣ እዚያ አንድን በሽተኛ ማዳን ሌላውንም ከመያዝ ያድናል። በቁንጭር ይህ ሒሳብ አይሠራም። ኩታበር ላይ የአንድ ልጅ ፊት ቢድን የዳነው ያ ልጅ ብቻ ነው፤ ተሕዋሲው ከገደሉ አልወጣም። ስለዚህ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ቤት የሚሠራበትን ቦታ መምረጥ፣ በግቢ ዙሪያ የተከመረ ድንጋይ ማንሳት፣ ግድግዳ ላይ ፀረ ተባይ መርጨትና በመድኃኒት የተነከረ አጎበር መዘርጋት ያስፈልጋል፤ ያልተነከረውን አጎበር ዝንቧ በቀዳዳው ሾልካ ታልፈዋለች። ቀን በዋሻ የሚጠለለውን እረኛ ግን ይህ ሁሉ አይደርስለትም።