ስለ እሹሩሩና ሕፃንን ስለ ማጫወት

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፥ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በቃሊቲ፥ ጎሕ ሲቀድ ወደየፋብሪካው ከሚገቡት ሠራተኞች መካከል ሕፃን በቤት ትተው የሚመጡ እናቶች አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለእናት ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋራ ሲፈቅድላት፥ ለአባት የፈቀደለት 3 ቀን ነው። እንግዲህ ሕፃኑ፥ ወንድ ቢሆን በ40፥ ሴት ብትሆን በ80 ቀን፥ ክርስትና ከተነሣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የእናቱን ድምፅ ማለዳና ማታ ብቻ ይሰማል። ቀኑን ከእርሱ ጋራ የምትውለው አያቱ ወይም ሞግዚቱ ናት፤ እርስዋም ሥራ ሲበዛባት ስልኩና ቴሌቪዥኑ ይዘፍኑለታል።

ሕፃን ምን ያውቃል፤ ዜማው ከማንም ቢወጣ ለርሱ አንድ ነው፥ የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1980 ዓ/ም በአሜሪካ ደካስፐርና ፋይፈር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከተወለዱ 3 ቀን ያልሞላቸውን ሕፃናት ቢመረምሩ፥ ሕፃኑ የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይቶ ያንኑ ለመስማት ሲል አጠባቡን እንደሚለውጥ አገኙ።

ደግሞም በ2005 ዓ/ም በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለ7 ወር ሕፃናት አንድ ዓይነት ምት እያሰሙ፥ እኩሌቶቹን በየሁለቱ፥ እኩሌቶቹን በየሦስቱ ምት በክንድ ይዘው ከፍ ዝቅ አደረጉአቸው። ኋላ ሁለቱን ዓይነት ምት ለይተው ቢያሰሙአቸው፥ እያንዳንዱ ገላው የተወዛወዘበትን አብልጦ አዳመጠ። ዓይናቸው በተሸፈነ ጊዜም እንዲሁ ሆነ፤ ሌላው ሲወዛወዝ እየተመለከቱ ዝም ብለው የተቀመጡት ግን ሊለዩ አልቻሉም። ሕፃን ዜማን በገላውም ጭምር ይሰማልና፥ ስልክ ይህን ሊያደርግለት አይችልም።

ያገራችን እናቶች ግን ሳይጻፍላቸው ይሠሩበት ኖረዋል። እሹሩሩ የምትል እናት ዝም ብላ ቆማ አትልም፤ ሕፃኑን በአንቀልባ ወይም በነጠላ አዝላ፥ ከወገቧ ጎንበስ ብላ፥ ከእግር ወደ እግር እየተወዛወዘች፥ በመዳፍዋም ቸብ ቸብ እያደረገች ነው እንጂ። ቃልዋ፥ ርምጃዋና መዳፍዋ በአንድ ይገጥማሉ። አቋቋም የተማረ ሰው ይህን ቢመለከት አይደነቅም፤ ሊቃውንቱ የቅዱስ ያሬድን ዜማ በመቋሚያ ሲዘምሙት፥ በጸናጽልና በከበሮም ሲያደምቁት ቃልና ገላ አንድ ይሆናሉና። ዝማሜው ይቀድማል ወይስ እሹሩሩው የሚለውን ክርክር ለደብተሮች እንተውላቸው። ከዚያም ልጁ ሊቆም ሲንገዳገድ ወፌ ቆመች እየተባለ ይጨበጨብለታል፤ የቃሉን ትርጕም ሳያውቅ ምቱን በእግሩ ያውቀዋል።

በቃሊቲ በአንድ ግቢ አማርኛና ኦሮምኛ ይነገራሉ፤ ሞግዚትም በእናቷ ቋንቋ ብታዜም የሚነቀፍ ነገር የለበትም። በማታውቀው ቋንቋ ዘምሪ ብሎ ማስገደድ ዝም በዪ ከማለት አይለይም።

ስለ ማዘል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓ/ም ባወጣው መመሪያ፥ 1 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጀርባ ታስሮ ወይም በጋሪ ተቀምጦ ባንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፥ ቴሌቪዥንና የስልክ ሥዕልም እንዳይመለከት ይመክራል። ነቅቶ ሳለ በቀን በጠቅላላው ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ እንዲተኛም ይመክራል፤ ያን ጊዜ አጠገቡ ተንበርክኮ ማጨብጨብና ማዜም ይቻላል።

የቀረው የአባት ነገር ነው። በማዕርግ ያሉ አንዳንድ ሰዎች ልጃቸውን እሽኮኮ ሲያደርጉ የቤት ሰው እንዳያያቸው በር ይዘጋሉ። ይህ ከንቱ እፍረት ነው። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ካባውን አውልቀው ሩብ ሰዓት ያህል ልጁን በክንድ ይዘው ቢያዜሙ ከክብራቸው የሚጎድል የለም። ድምፄ አያምርም የሚለውም ምክንያት አይረባም፤ ሕፃኑ መሪጌታ አይደለምና ዜማው ሳተ ብሎ አያርምም፤ ሲያቆሙበት ግን ያለቅሳል።